ከእማዬ ምርቃት ስር የሚሰማው ድምፅ

ዛሬ ዳክ የሚባለውን አዲሱን የድምፅ ማጥሪያ ዕቃ ኮምፒውተሬ ላይ ሰክቼ የእማዬን ምርቃት ከፈትኩት። ሽሽሽ የሚለው ድምፅ አሁንም አለ።

ከማረፏ በፊት ቀራንዮ ቤታችን ተኝታ ስትመርቀን በስልክ የቀዳሁት ነው። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ከድምጿ ስር የሆነ ነገር ሽሽሽ ይላል። በአሮጌው ኮምፒውተሬ አላክኬ ስሰድበው ከረምኩ።

ሳውንድ ካርድ ልግዛ ወይስ ዳክ ብዬ ቸርቻችን ውስጥ ሳውንድ የሚሠራውን ጓደኛዬን ጠየቅኩት።

"ካርዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሚገባ ጩኸቱን ሊስብ ይችላል። ዳኩ ውጪ ነው የሚቀመጠው፣ እሱን ግዛ" አለኝ። ጦር ኃይሎች ሰፈር ካለ ሱቅ ገዝቼ መጣሁ።

ዕቃው ምንም አይወጣለትም። እማዬ ጥርት ብላ ተሰማች። ሽሽታውም አብሯት ጠራ።

እህቴ አጠገቤ ልብስ ስታጣጥፍ እጇ ቆመ።

"አላወቅከውም እንዴ? የኦክስጅን ማሽኗ እኮ ነው።"

ያኔ መብራት ጠፍቶ ይሄ ድምፅ ቀጥ ሲል ሁላችንም ወደ አልጋዋ እንሮጥ ነበር። እኔ ደግሞ ላጠፋው ዕቃ ገዛሁ።

የሄደ ሰው ድምፅ ያስቀመጣችሁ፣ ከጀርባው ምን ይሰማችኋል?