ስሜን ያልጻፍኩበት ወረቀት

ዛሬ ቡታጅራ ገበያ ኮሮሪማ ስገዛ ሻጩ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ሰጠኝ። በዚህ በፌስታል ዘመን! ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁትና የኮሮሪማውና የጋዜጣው ሽታ ተደባልቆ ሲመጣብኝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አባት ሱቅ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

አባቷ ስኳርና ቅመም ከሚጠቀልሉባቸው አሮጌ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ጓደኛዬ ሳታነበው የሚቀደድ አንድም አልነበረም። እኔማ ከእሷ እየኮረጅኩ ነው ክፍል ያለፍኩት፣ ምን እደብቅሃለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ከወደ ጎጃም የመጡ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ኮታቸው ሁልጊዜ ጠመኔ እንደነካው ነው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ዲናውንስ» የሚል ግስ ጻፉ።

«አጥብቆ ማውገዝ ነው» አሉ። «ጥሩ ጸሐፊ በዚህ ግስ ሲጠቀም ማን እንዳወገዘና ምን እንዳወገዘ በግልጽ ያስቀምጣል። እናንተም ስታወግዙ ስማችሁን ጻፉበት። የማትጽፉበት ከሆነ ተዉት፣ ሐሜት ነው።»

ከዚያ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት አሉን። ጓደኛዬ ሚዛን ያጎደለውን የገዛ ወንድሙን በገበያተኛ ፊት ስላወገዘ ነጋዴ ጻፈች። መምህር አነበቡት፣ ደገሙት፣ ከዚያ በክፍሉ ሁሉ ፊት «ይሄ ያንቺ አይደለም። ከጋዜጣ የሰረቅሽው ነው» አሏት።

በማግስቱ ቀረች። በሦስተኛውም ቀን ቀረች። ሱቅ ስሄድ ከሚዛኑ ኋላ ቆማ ስኳር ትጠቀልላለች። አባቷ «ልጄ ሌባ ከምትባል እዚሁ ትቀመጥልኝ፣ ትምህርቱ ይብቃት» አሉኝ። እሷ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

ቤት ገብቼ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ «ጓደኛዬን ያለ ጥፋቷ ሌባ ያሏትን መምህሬን አወግዛለሁ» ብዬ ጻፍኩና፣ ጠዋት ማንም ሳይገባ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ስሜን ግን አልጻፍኩበትም። ፈራኋ!

መምህር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«ትክክል ነው» አሉ። «የጎደለው ስም ብቻ ነው። የጻፈው ይነሳና ላመስግነው።»

አልተነሳሁም።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ሁሉ አስከትለው ሱቁ ሄዱ። ገበያተኛው እያየ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሐጂ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጋዜጣ ሳገላብጥ ሰነበትኩ፣ የትም የለም። ዓረፍተ ነገሩ የራሷ ነው። በሰው ፊት ነው ያዋረድኳት፣ በሰው ፊት ይቅርታ ልጠይቃት መጣሁ» አሉ።

የጓደኛዬ አባት «አስተማሪ አጠፋሁ ሲል ገና ዛሬ ሰማሁ» አሉ። «ነገ ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ።»

እኔ እንደ መምህር ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ዛሬ በየስልኩ ስሙን ደብቆ የሚያወግዘውን ሁሉ ሳይ እሳቸው ትዝ ይሉኛል፤ ያኔ ከመቀመጫዬ ያልተነሳሁትም ትዝ ይለኛል።

ጓደኛዬ አሁን ጉብሬ ከተማ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ባለፈው ወር የመምህርን ለቅሶ አብረን ደረስን። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት።

«እሳቸው እኮ ያውቁ ነበር» አለችኝ። «በእጅ ጽሑፍሽ ያኔውኑ ለይተውሻል።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ራሷ ትንገረኝ፣ አንቺም እንዳትነግሪያት ብለው ነዋ። ባገኘኋቸው ቁጥር ‹ጓደኛሽ አሁንም አልመጣችም?› ይሉኝ ነበር።»