በሩን የዘጋሁባት ልጅ

ዛሬ ጠዋት ከጮሌ ወረዳ አንዲት መምህርት ደወለችልኝ። የሀዊ የሥራ ባልደረባ ነኝ አለች። ሀዊ ንጋት ላይ አረፈች አለች።

የትኛዋ ሀዊ ብዬ ጠየቅኳት። የትኛዋ እንደሆነች አውቄያለሁ፤ ምናልባት ሌላ ሀዊ ትሆን ይሆናል ብዬ ነው። ሳምንት ያልሞላ ሕመም ነው ይላሉ። በቀደም በበዓሉ ሰሞን እዚሁ አሰላ ባጃጅ መያዣው ጋ አግኝታኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ብላኛለች። እስካሁን አላመንኩም።

ብዙዎቻችሁ ተማሪዎቼ ስለነበራችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ዩኒት ሊደር ነበርኩ። ሰልፉም በሩም በእኔ እጅ ነው። ባንዲራ ተሰቅሎ ሲያበቃ በሩን አዘጋለሁ፤ ያረፈደ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እስኪደወል ውጭ ይቆማል። «ቁልፉ» ትሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ደስም ይለኝ ነበር።

ሀዊ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ከሳምንቱ አምስት ቀን አራቱን ውጭ ናት። ቀጭን ልጅ፣ ጫማዋ ሁሌ ጭቃ። ለምን አረፈድሽ ስላት «ይቅርታ ቲቸር» ትላለች እንጂ ምክንያት አትሰጥም። ውጭ የቀሩትን ልጆች ሰብስባ አጥሩ ሥር ትቀመጣለች፤ እኔ ከውስጥ ሆኜ ሳያቸው ወሬ የያዙ ይመስለኛል። ተደውሎ በሩ ሲከፈት ደግሞ ለልጆቹ «አይዟችሁ፣ ምንም አልቀረብንም» ስትል እሰማለሁ። ያንገበግበኝ ነበር። እኔን መናቋ ነው ብዬ ያዝኩባት።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ አዲስ ሽልማት አመጣ። ደረጃ ለወጡት ሳይሆን፣ ሳይጮሁ ሌላውን ይዘው ለሚጓዙ፣ ችግር ለማይበግራቸው ልጆች የሚሰጥ። የሂሳብ መምህሩ የሀዊን ስም አቀረበ። በር ላይ የሚቀሩት ልጆች ውጤታቸው ተሻሽሎ አይቶ ቢጠይቃቸው፣ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ሥር የምታስጠናቸው እሷ ናት። ትምህርቱን ከመጽሐፉ ላይ ቀድማ እያነበበች፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ታስረዳቸዋለች።

እኔ የማርፈጃ መዝገቤን ይዤ ነበር ስብሰባው የገባሁት። ገልጬ አሳየኋቸው። ያልኩትን እንዳለ ልጻፈው፦

«ሰዓት ማክበር ያቃታት ልጅ ለማን ነው አርአያ የምትሆነው?»

ስሟ ተሰረዘ። ሽልማቱን የወሰደው ልጅ ምንም ጥፋት የለበትም። ሀዊ ከኋላ ቆማ ስታጨበጭብለት አይቻታለሁ።

ከሳምንት በኋላ ጉንፋን ጥሎኝ ቤት ቀረሁ። ጠዋት በር ተንኳኳ። ባለቤቴ ልጆቹን እያለበሰች ስለነበር እኔ ጋቢዬን ደርቤ ከፈትኩ። ሀዊ ናት። ዩኒፎርም ለብሳለች፣ የደብተር ቦርሳዋን አንግታለች፣ በእጇ የወተት ጀሪካን ይዛለች።

ወተት የምታመጣልን ልጅ እንዳለች አውቃለሁ። ማን እንደሆነች ጠይቄ ግን አላውቅም። ሰልፉ እንዳያመልጠኝ ሁሌ እሷ ሳትመጣ ነው ከቤት የምወጣው።

እኔ ደነገጥኩ። እሷ አልደነገጠችም፤ የማን ቤት እንደሆነ ከመጀመሪያውም ታውቅ ኖሯል። «እግዜር ይማርዎት ቲቸር፣ ዛሬ ትኩስ ትኩሱን ይጠጡ» አለችኝና ሰዓቷን አይታ ሮጠች።

ባለቤቴን ጠየቅኳት። እናቷ ወገቧን ከታመመች ወዲህ ላሞቹን የምታልበውም፣ ከጭላሎ ተራራ በኩል በእግሯ ወርዳ ወተቱን ቤት ለቤት የምታዳርሰውም ሀዊ ናት። የመጨረሻው ቤት የእኛ ነው። ለካ ዓመቱን ሙሉ በሩን የምዘጋባት የልጆቼን ወተት አድርሳ ስትመጣ ኖሯል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አላወቅኩም ነበር ብዬ እጽናና ነበር። ግን አወቅኩ። በማግስቱ ተሽሎኝ ሥራ ገባሁ፣ ባንዲራ ተሰቀለ፣ በሩን አዘጋሁ። ሀዊ ውጭ ቀረች። ብከፍትላት ለምን ከፈትክ እባላለሁ፤ ምክንያቱን ከተናገርኩ ደግሞ ስብሰባው ላይ ያልኩትን መልሼ መዋጥ ሊኖርብኝ ነው። ያንን ፈራሁ። አንዲት ልጅን ተሳስቻለሁ ማለት ሞት መሰለኝ። እስከ ሰኔ ድረስ በሩን ዘጋሁባት፣ እስከ ሰኔ ድረስ ያመጣችውን ወተት ጠጣሁ።

በኋላ መምህርት ሆና ጮሌ ተመደበች። በቀደም ባጃጅ መያዣው ጋ ስንገናኝ ነገሩ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ስለ ጤናዬና ስለ ልጆቼ ስትጠይቀኝ ሰዓቱ ሄደ፤ ሌላ ጊዜ አልኩ።

የደወለችልኝ መምህርት እንደነገረችኝ፣ በትምህርት ቤታቸው ጠዋት በር ላይ ቆማ የሚያረፍዱትን ልጆች የምታስገባው ሀዊ ነበረች። የእኔን ቁጥር ያገኘችው ከሀዊ ስልክ ላይ ነው። «መምህሬ» ብላ ነው የመዘገበችኝ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ የምገባበት ጠፍቶኛል።

ቀብሩ ነገ እናቷ ሰፈር ነው። ያኔ አጥሩ ሥር አብራችኋት የተቀመጣችሁ፣ ይህን ካነበባችሁ ኑ። እኔን ልትሰድቡኝ የምትፈልጉም ኑ፤ ቆሜ እሰማችኋለሁ።

ሀዊ፣ ልጄ። ይቅርታ የምጠይቅሽ መልስ ልትሰጪኝ በማትችይበት ቀን ነው። ይኼም ያው የድሮው ፍርሃቴ ነው። ብትሰሚኝ ምን እንደምትዪ አውቀዋለሁ፤ ለዚያ ሁሉ ልጅ ስትዪው ሰምቼሻለሁ። ዛሬ ግን ለእኔ ብለሽ «ምንም አልቀረብኝም» አትበዪ። ቀርቶብሻል። ያስቀረሁብሽም እኔ ነኝ።

በደህና ግቢ።