አባባ ያጠቡት ኪቦርድ

በመካነ ሰላም ክረምት ጉም ሳያንኳኳ ይገባል። ከዓባይ በረሃ ተነስቶ በገደሉ አፋፍ ይወጣና መጀመሪያ ባሕር ዛፉን፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ ኋላም የጎረቤታችንን ቆርቆሮ ይውጠዋል። ያን ጊዜ ቤታችን ብቻዋን ነጭ ውኃ ላይ የተንሳፈፈች ይመስለኛል። የእህቴ ፈተና ነገ ሊሆን፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላም እንዲሁ ተንሳፍፈን ነበር።

ታላቅ እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። ፈተናው የጽሕፈት ሥራ ለማግኘት ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚሰጥን ወረቀት በፍጥነት መገልበጥ። ካለፈች እዚሁ ትቀራለች። ከወደቀች ተመልሳ ትሄዳለች። ደላላው ስልክ መደወሉን አልተወም፣ እሷም ከእናቴ አልደበቀችም። "እማ፣ ይሄ ካልሆነ እሄዳለሁ። ቁጭ ብዬ አልበላም" ብላታለች። እናቴ ምስሯን መልቀም ቀጠለች፤ ሌሊት ሌሊት ግን እንቅልፍ አጥታ ስትገላበጥ እንሰማታለን።

የምትለማመደው በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። የላፕቶፑ ቁልፎች ግማሾቹ ሞተዋል፣ የቀሩትም ፊደላቸው ተፍቆ ጥቁር ጠጠር ሆነዋል። ስለዚህ እሷ ከሪያድ ያመጣችውን ኪቦርድ በሽቦ ሰክተን እንጠቀማለን። ቁልፎቹ ላይ የፈረንጁና የዓረቡ ፊደል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የእኛ የለበትም፤ የእኛን የምናገኘው የፈረንጁን ድምፅ እየገጣጠምን ነው። ግጥሞቼን ሁሉ የጻፍኩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ሁለት ባዕድ ፊደል ሲነካኩ አንድ የእኛ ፊደል ከላፕቶፑ መስኮት ብቅ ሲል ማየት እስካሁን አልሰለቸኝም።

አባቴ በደብሩ ፊደል የሚያስቆጥሩ መምህር ናቸው። የዚያን ዕለት ጠዋት አንዲት ዶሮ ኪቦርዱ ላይ ተመቻችታ ተኝታ አገኟት። ፊደል ያረፈበት ነገር በእርሳቸው ዘንድ አይረገጥም፣ መሬት አይጣልም፤ ዶሮማ ጨርሶ አይተኛበትም። እህቴ ገበያ ሄዳ፣ እኔም ልማዴ ነውና በጉሙ ውስጥ ስዞር፣ አባቴ የመቃ ብዕር በሚቀርጹበት ሰንጢ የቁልፎቹን ክዳን አንድ በአንድ ነቀሉ። ለብ ባለ ውኃ አጠቡ፣ በሰፌድ አስጥተው አደረቁ፣ መልሰውም ገጠሙ።

እህቴ ከገበያ ስትመለስ ተቀመጠችና ጣቶቿን ለማሟሟቅ "ሰላም" ብላ ጻፈች። መስኮቱ ላይ "ልትስቅድ" የሚል ነገር ወጣ።

"ምን ነክተሽ ነው?" አልኳት።

"እኔ? ሰላም ነው ያልኩት! ወላሂ፣ እያየሁ ነው የጻፍኩት።" ወላሂ ስትል የሪያድ ነው ብለን እንስቅባታለን፤ እሷ ግን የወሎ ነው ትለናለች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ... ፊደሎቹ እንደ ተማሪ ሰልፍ ከላይ እስከ ታች በየተራቸው ቆመዋል።

አባቴ በር ላይ ብቅ አሉ። "እንዴት ነው፣ ጸዳ አይደል? ደግሞ ተዘበራርቆ ነበር። ምኑን ሠሩት እነዚህ ሰዎች አልኩና ከልጆቹ የፈረንጅ ፊደል መጽሐፍ እያየሁ በየተራው አስቀመጥኩልሽ።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ" አለች እህቴ። ድምጿ ቀጥኖ ነበር። ወደ እኔ ዞር ብላ አንሾካሾከች፦ "ነገ ነው እኮ!"

"አብሽሪ፣ እታለም" አልኳት።

በማንኪያ እጀታ ክዳኖቹን መንቀል ጀመርን። ቁልፍ ምን ቆብ እንደደፋ አያውቅም፤ ከላዩ ማንም ቢቀመጥበት፣ ከሥር ያለው ያንኑ የራሱን ድምፅ ይላል። ስለዚህ እርቃኑን የቀረውን ነጭ ጉጥ እየተጫንኩ መስኮቱ ላይ የሚወጣውን አነባለሁ፣ እሷ ከሰፌዱ ላይ ክዳኑን ትፈልጋለች። የየረድፉ ክዳን ዘመም የሚልበት ጎን የተለያየ ስለሆነ ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ ለጣት ይታወቃል። ጥቂት እንደሄድን አባቴ ተመልሰው መጡ።

"ምነው ነቀላችሁት? ተበላሸ?"

እህቴ ቀና አለች። "አባባ፣ የእነሱ ፊደል በተራ አይቀመጥም። እንዲያ ተዘበራርቆ ነው የሚኖረው።"

አባቴ ሰፌዱን አዩት። ከዚያ ፊታቸው ፈካ። "እንግዲያ አቡጊዳ ነዋ!"

በእርሳቸው ትምህርት ቤት ልጅ መጀመሪያ ሀሁን በተራው እያዜመ ይይዛል። ግን አፍ ብቻውን ዜማውን ተከትሎ ሊሮጥ ይችላል። ስለዚህ መምህሩ ተራው የተቀየረበትን አቡጊዳ ያመጣል፤ ፊደሉን ሳይሆን ዜማውን የያዘ ልጅ እዚያ ይያዛል።

"በሉ ክዳኑን ተዉት" አሉ። "ሳታይ ታውቂው እንደሁ እንይ። እኔ እላለሁ፣ አንቺ ጻፊ።"

"ኧረ አባባ! ምኑን አይቼ?"

"ሪያድ ወጥ የምትሠሪው ፊደሉን እያየሽ ነበር?"

"ወጥ ውስጥ ፊደል የለማ!"

ሁለት ክዳን ብቻ መለስኩላት፤ አመልካች ጣቶች የሚያርፉባቸውን፣ በላያቸው ትንሽ ጭረት መሰል ጉብታ ያለባቸውን። ጣቶቿን እዚያ አሳረፈችና ዓይኖቿን ጨፈነች።

አባቴ ፊደል በሚያስቆጥሩበት ድምፅ፣ እየጎተቱ፣ "ውኃ" አሉ። ጣቷ ዋለለ፤ ተሳሳተች። "ውኃ" አሉ ደግመው፣ ሳይቆጡ። መጣ። "ደመና።" መጣ። ቀጥለው የአካባቢያችንን ከተሞች ጠሩ፦ "ከላላ።" "አጅባር።" ጉሙ በቤቱ መስኮት ገብቶ እግራችን ሥር ተኛ። የማየው የእህቴን የተጨፈኑ ዓይኖችና አንድ በአንድ የሚወጡትን ቃላት ብቻ ነበር፤ ከላይ የሚዘንቡ ሳይሆን ከጣቷ ሥር እንደ ምንጭ የሚፈልቁ። አባቴ ቃል ሲያልቅባቸው መዝሙረ ዳዊት ጀመሩ። እህቴም ተከተለቻቸው። አንዳንዴ ትስታለች፣ ራሷም ታውቀዋለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ተመልሳ ታርማለች።  ኋላ እኔ የቀሩትን ክዳኖች እየገጠምኩ ሳለሁ እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ የእሷ እንዳልሆኑ ሁሉ ታያቸው ነበር።

በማግስቱ ፈተና ክፍል ውስጥ የሆነውን የነገረችን እየሳቀች ነው። ሰዉ ሁሉ ወረቀቱንና ቁልፎቹን እያፈራረቀ ሲያይ፣ እሷ መስመሩን ታነብና ዓይኗን ትጨፍናለች። ፈታኙ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

"እህት፣ ተኛሽ እንዴ?"

"አልተኛሁም፤ እየጻፍኩ ነው።"

ውጤቱ ሲለጠፍ ማለፏን ሰማን። ደላላው በዚያው ሰሞን ደወለ። "ቪዛው ደርሷል፣ ምን ልበላቸው?" ሲል ድምፁ እኛም ዘንድ ይሰማል።

"ሌላ ሰው ፈልግ በላቸው" አለችና ስልኩን ዘጋች።

እናቴ ጓዳ በር ላይ ቆማ ሰምታለች።  እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ መጥታ መደቡ ላይ ተቀመጠች፣ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አሳረፈች፣ በእኩለ ቀን እንቅልፍ ወሰዳት። አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷት። ማንም አልቀሰቀሳትም፤ እስኪመሽ ድረስ በሹክሹክታ ተነጋገርን።