የእትዬ ዘውዴን ደረጃ የወጣችው መኪና

ፀጉር አስተካካዩ ልጅ ማሽኗን ዘይት ጠብ አድርጎላት ሲያስነሳትና «ዚዝዝዝ» እያለች ወደ ጆሮዬ ስትጠጋ፣ ከደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ተለይቼ እኔ ብቻ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ድምፁና የዘይቱ ሽታ አብረው ሲመጡብኝ የምይዘው ይጠፋኛል፤ ድምፁ የአንዲት መኪና ነው፣ ሽታው የሌላ መኪና፣ ሁለቱም በልጅነቴ ቤታችንን አተራምሰውታልና ዛሬም የቷ የቷ እንደሆነች ይምታታብኛል።

ልጁ ደግሞ በሄድኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ አለችው።

«ጋሼ፣ ስትገባ ምነው እግርህን ሦስት ጊዜ ከፍ ከፍ ታደርጋለህ? በሩ ላይ ምንም የለም እኮ።»

«ቁርጥማት ነው» ብዬ አልፈዋለሁ። የቀረኝ ፀጉር አሥራ ሁለት ዘለላ ስለሆነ፣ እውነቱን ልንገረው ብል መሃል ላይ ሳልደርስ ሥራውን ይጨርሳል። ለእናንተ ግን ጊዜ አለኝ።

አባቴ ጋሽ በቀለ ልብስ ሰፊ ነበር። የሚሰፋባት መኪና ግን የእትዬ ዘውዴ ነበረች። እትዬ ዘውዴ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሦስት የድንጋይ ደረጃ ባለው ቤት ትኖር ነበር፤ ባሏ ሲሞት የስፌት መኪናዋን ትቶላት እሷን ለአባቴ የምታከራይ፣ ምላሷ ከመቀስ የሰላ ሴት ነበረች። በእኛ ቤት «መኪና» ሲባል የስፌቷ ማለት ነበር። ጎማ ያላትን «የመንገድ መኪና» እንላት ነበር፤ እሷማ አቧራ አልብሳን ከማለፍ በቀር ምን አድርጋልን ታውቃለች። የደብረ ብርሃን ብርድ ያኔ እንደ ዛሬው ለስላሳ አልነበረም፣ ውሻ እንኳ ጩኸቱን ፀሐይ እስክትወጣ ያቆየው ነበርና፣ አባቴ የዘይቱን ብልቃጥ ብብቱ ሥር አሙቆ፣ መኪናዋን ጠብ ጠብ አድርጎላት፣ «እንዴት አደርሽ» ብሏት ነበር ሥራ የሚጀምረው።

አንድ የግንቦት ቀን በጣርማ በር በኩል የመጣ የጭነት መኪና በሰፈራችን ሲያልፍ፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጋሽ በቀለ፣ ወንድምህ መኪና ገዝቷል፣ በሰኔ ይደርስሃል» ብሎ ጮኸ። የአባቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ረዳቱ ሌላም ቃል ጨምሮ ነበር፣ እሱን ግን ጥሩምባው ዋጠው።

አባቴ የስፌት መኪና ሰማ። እናቴ የመንገድ መኪና ሰማች። ሰፈሩ አይሱዙ ሰማ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅም አይሱዙው ሁለት ሆነ። እናቴ ለአንኮበር ንግሥ የሚሄዱትን የማኅበር ጓደኞቿን በመኪናዋ ላይ ደልድላ ጨረሰች፤ ጋቢና ያልደረሳት ጎረቤታችን አኩርፋ እሳት መጫር አቆመች። ባልና ሚስቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ መኪናዋ ሲያወሩ አንድም ቀን አልተግባቡም፣ አለመግባባታቸውንም አላወቁም ነበር።

«የት እናቁማት?» ትላለች እናቴ።

«መስኮቱ ሥር ነዋ፣ ብርሃን ታገኛለች።»

«በሩ ይበቃታል?»

«ሁለት ሰው ተሸክሞ ያስገባታል።»

እናቴ አባቴን አየችው፤ እኔም ሁለቱን አፈራርቄ አየኋቸው።

አባቴ ግን እስከ ሰኔ መጠበቅ አልቻለም። የእትዬ ዘውዴን መኪና ሁለት ሰው አሸክሞ፣ ኮቱን ለብሶ፣ እኔን አስከትሎ ሦስቱን ደረጃ ወጣና «እትዬ፣ እስከዛሬ እግዜር ይስጥልኝ፤ መኪናሽን ተረከቢ፣ እኔ የራሴ እየመጣችልኝ ነው» አላት።

እትዬ ዘውዴ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል «ሳትመጣ?» አለችው።

«እየመጣች ነው አልኩሽ እኮ።»

«እንግዲያው ስትመጣ ጥራኝ፣ እልል እልልሃለሁ። ካልመጣችም ደረጃው ያውቅሃል፣ ትመለሳለህ።»

አባቴ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «እመብርሃንን፣ እግሬ ይሄን ደረጃ ሁለተኛ አይረግጠውም» አለና ወረደ። በእኛ ቤት የእመብርሃን ስም ተጠርቶ የተማለ ነገር አይፈርስም ነበር፤ አባቴ አንድ ጊዜ ሳያስበው ድንች አልበላም ብሎ ምሎ አራት ዓመት ድንች ከወጥ ውስጥ እየለቀመ ለእኔ ያወጣልኝ ነበር።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ገባ፣ መኪናዋም መጣች፤ የጫማ ካርቶን ሁለቱን የምታህል ሳጥን ውስጥ ሆና። ክዳኑ ላይ ጎማዋ ያበጠ የጭነት መኪና ከአሸዋ ላይ ስትዘል የሚያሳይ ሥዕል ነበረ። አባቴ ሲከፍታት ሺህ ብሎን፣ አራት ጎማ፣ ጥርሳም ክቦች፣ አንቴና ያላት ሪሞት፣ ደግሞም ፊደሉ ጉንዳን የሄደበት የሚመስል መጽሐፍ ወጣ። ከሁሉ በላይ የአጎቴ እጅ ጽሑፍ ነበረች፦ «ለደረጀ። በሬዲዮ የምትታዘዝ መኪና ናት። አባትህ ይገጥምልሃል።»

ደረጀ እኔ ነኝ። ጥሩምባው የዋጠው ቃል የእኔ ስም ነበር ማለት ነው።

አባቴ ወረቀቷን ሦስት ጊዜ አነበባት፤ በሦስተኛው ከንፈሩ መንቀሳቀስ አቆመ። እናቴ ሳጥኑ ውስጥ እስከ ክርኗ ገብታ ፈልጋ ፈልጋ «ታዲያ ጋቢናዋ የታለ?» አለች። እኔ ደስ እንዳይለኝ አባቴን አያለሁ፣ እንዳላዝን መኪናዋን አያለሁ፤ እንዲያው መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ያ ክረምት ግራ የገባኝ ክረምት ነው። አባቴ የሚሰፋበት መኪና የለውም፣ ወደ እትዬ ዘውዴ እንዳይመለስ ምሏል፤ እናቴ የበግ ፀጉር እየፈተለች ቤቱን ስታቆም ሽሮው እየቀጠነ ሄዶ የሳህኑ አበባ ከሥሩ ይታይ ጀመር። ሥራ የፈታ አባት ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ መስኮቱ ሥር የጉንዳኑን መጽሐፍ ዘርግቶ «ይሄ እኮ ተቆርጦ ያልተሰፋ ልብስ ነው፣ ደረጀ፤ ክፍሎቹን ማገናኘት ብቻ ነው» እያለ፣ በስፌት መኪና ካቻቪቴው ብሎኑን እያጠበቀ፣ በዚያው በስፌት ዘይቱ ጥርሶቹን እያለሰለሰ ያንጎራጉር ነበር። እጅጌ ከትከሻ እንደሚያገናኝ የፊት ጎማዋን ከሆዷ አገናኘ። ሁለት ጊዜ ገልብጦ ገጥሟት ወደ ኋላ ብቻ የምትሄድ ሆና ነበር፤ ፈታት።

አንድ ቀን ኮቱን ልሰቅልለት ስል ከኪሱ ሳንቲም የምታህል ክብ ብረት ወደቀች። አወቅኳት። የስፌት መኪናዋ የታችኛውን ክር የምትይዝበት ብረት ነበረች፤ እሷ ከሌለች መኪናዋ ጨርቁን ድድ እንደቀረው ሽማግሌ ታላምጠዋለች እንጂ አትሰፋውም።

«አባዬ፣ ይቺ የእትዬ ዘውዴ አይደለችም?»

አባቴ ከእጄ ወስዶ ኪሱ ውስጥ መለሳትና «ብሎኑን አቀብለኝ» አለኝ።

መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ መኪናዋ ቆመች። ባትሪ አልመጣላትምና አባቴ የእጅ ባትሪ ድንጋዮች እንደ ዝናር ደርድሮ የሚይዝ ቀበቶ ሰፋላት፤ ድንጋዩ ሲደክም ጣራ ላይ ፀሐይ እናሞቀው፣ በጥርሳችንም እየነከስን እናነቃው ነበር። መጀመሪያ «ዚዝዝዝ» ብላ ግቢውን ስታቋርጥ፣ ማንም ሳይነካት፣ እናቴ አማትባ ሮጠችና ጠበል ረጨችባት። ሦስት ቀን ዝም አለች። ሰይጣኑ የወጣ መስሏት እናቴ ደስ አላት፣ አባቴ ግን ሞተሯን ፈትቶ በኩታው ሲያደርቅ ከረመ።

ጥቅምት ሲገባ አባቴ አንድ ነገር ጀመረ። ግቢያችን ውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድሮ ሦስት ደረጃ ሠራ፤ ከመንገዱ ማዶ በዓይኑ ብቻ ለክቶ። «ዓይኔ ሜትር ነው» ይል ነበር። መኪናዋ እንድትወጣው ፈለገ፣ እሷ ግን አንደኛው ላይ ጎማዋ እየተሽከረከረ ትቀራለች። አባቴ ከጭነት መኪና የውስጥ ጎማ ቀዶ፣ በወስፌ እየበሳ፣ ለአራቱም ጎማዎች ጥርስ ያለው ጫማ ሰፋላቸው። ሁለተኛውን ስትደርስ ወደ ኋላ ትገለበጣለች፤ የበራችንን ቁልፍ ነቅሎ ክብደት እንዲሆናት ከፊቷ አሰረላት፣ እኛም ቤታችንን ሳንቆልፍ ሁለት ወር ተኛን። ሞላዋ ሲላላ ከተሰበረ ጃንጥላ ሌላ አበጀላት። ስትገጠም የልጅ መጫወቻ የነበረችው በኅዳር ወር በሬ ጠምደው ቢያርሱባት አትበገርም ነበር። እኔ ግን ይሄ ሁሉ ደረጃ የመውጣት ጉጉት ከየት እንደመጣ አልገባኝም፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ቤት ልትወጣ ነው ብዬ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ።

ታኅሣሥ መጣ፤ ለገናና ለጥምቀት ሰው ሁሉ የሚያሰፋበት ጊዜ። እትዬ ዘውዴ መኪናዋን ለሦስት ሰፊ አከራይታ ሦስቱም «አትሰፋም» ብለው መለሱላት የሚል ወሬ ሰማን። አባቴ ወሬውን ሰምቶ ሻዩን ጨርሶ ጠጣ።

በአንድ የገበያ ቀን፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ኮቱን ለበሰና ያቺን ክብ ብረት በቀይ ጨርቅ ቋጥሮ መኪናዋ ጀርባ ላይ በክር ሰፋት። ሪሞቱን ለእኔ ሰጠኝ። «ጣትህ ከእኔ ይሻላል» አለ። መንገዱን ተሻግረን ከደረጃው ሦስት እርምጃ ሲቀረን ቆመ። እትዬ ዘውዴ በረንዳዋ ላይ እንደ ግንቦቱ ምስር እየለቀመች ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። የማለው እግሩ ነው፤ መኪናዋ እግር የላትም።

«ዚዝዝዝ» አደረግኳት። የጋሪ ፈረስ ደንግጦ ሽንቱን ለቀቀ፣ ገበያተኛው ቆመ። አንደኛውን ወጣች። ሁለተኛውን ወጣች። ሦስተኛው ላይ የፊት ጎማዋ ጫፉን ነክሶ ቀረ፤ የባትሪ ድንጋዮቹ ደክመው ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። እኔ ጣቴ እስኪነጣ ብጫን አልሄደችም።

እትዬ ዘውዴ ሰፌዱን አስቀመጠች። መኪናዋን አየች፣ አባቴን አየች፣ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእግሯ ጣት ከኋላዋ ገፋ አደረገቻት። መኪናዋ ወጣች።

ቀዩን ጨርቅ ፈታችና ብረቷን በሁለት ጣቷ አነሳቻት።

«በቀለ፣ ሰባት ወር ኪስህ ውስጥ ነበረች?»

«ረስቻት ነው፣ እትዬ።»

«ረስተሃት ነው» አለች እሷ። «ታዲያ ራስህ አታመጣትም?»

«እግሬ ምሏል።»

«የማለውማ አፍህ ነው፣ እግርህ ምን አደረገ። እንግዲያው አንተ ካልወጣህ እሷ ትውረድ» ብላ ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ጎረምሶች ጠርታ የስፌት መኪናዋን ከነብረቷ አስያዘቻቸው። አንዲት መኪና ወጥታ ሌላዋ መኪና ስትወርድ ቆሜ አየሁ።

«ይቺ ግን እኔ ጋ ትቆያለች» አለች የእኔይቱን ጭኗ ላይ አድርጋ። «ነገ ደግሞ ምን እንደምትረሳ አላውቅም።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቱ ፈቃድ የጠየቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም በዓይኑ። እኔ አልማልኩምና ሦስቱን ደረጃ ወጥቼ ሪሞቱን እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ስወርድ እግሬ ደረጃ አልቆ ሜዳ ላይ መድረሱን አላወቀም፣ አራተኛ ደረጃ ያለ መስሎት መሬቱን ረገጠው።

ሰኞ በማለዳ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ሳለሁ የስፌት መኪናዋ ስትነሳ ሰማኋት፤ ላልቅስ ልሳቅ ስላላወቅሁ ተነስቼ ለአባቴ ዘይቱን አሞቅኩለት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ዘውዴ በረንዳዋ ላይ መኪናዬን እንድነዳ ትፈቅድልኝ ነበር፣ አባቴም ሊወስደኝ ሲመጣ ከሥር ቆሞ ይጠራኝ ነበር። እሷ ስታርፍ እንኳ ድንኳኑ መንገድ ላይ ስለተጣለ አንድም ደረጃ ሳይረግጥ አለቀሰላት። ሸምግሎ ሳለ «አባዬ፣ እውነት ረስተሃት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምኗን?» አለኝ፣ እየሳቀ ይሁን እየረሳ ሳላውቅ እሱም ሄደ።

ለልጆቼ ከሱቅ ተገጣጥማ የመጣች የሪሞት መኪና ገዝቼላቸዋለሁ፤ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፣ እኔም ምን እንደማደርግላት አላውቅም። የእትዬ ዘውዴ ቤት ፈርሶ ሕንፃ ቆሞበታል፤ ያ ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ልጅ የተከራየው የዚያን ሕንፃ ምድር ቤት ነው። መግቢያው ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆነ ዛሬ አባቴ ቢኖር መሐላውን ሳያፈርስ፣ ኮቱን አስተካክሎ ሰተት ብሎ መግባት ይችል ነበር። እኔ ግን በሩ ላይ ስደርስ እግሬን ሦስት ጊዜ አንስቼ ነው የምገባው።