ጋሼ የቆጠሩት ልክ ነው

አባቴ የስፖርት መምህር ነበር። ጡረታ ከወጣና እናቴ ካረፈች በኋላ የቀረችለት እሑድ ከሰዓት ብቻ ናት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ መምህራን፣ ነርሶችና የባንክ ሠራተኞች እየተሰበሰቡ መረብ ኳስ ይጫወታሉ፤ ነጥብ የሚይዘው እሱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከወንበሩ ሳይነሳ ይከርምና ቅዳሜ ነጭ ኮፍያውን አጥቦ ያሰጣል። ያቺን ቦታ ቢያጣ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም ነበር።

ድሮ ነጥቡን በቃሉ ነበር የሚይዘው። ሰርቭ የመታው ቡድን ብቻ ነጥብ በሚያገኝበት ዘመን ተምሮ፣ ኋላ እያንዳንዱ ኳስ ነጥብ ይሁን ሲባል ከሁሉም ቀድሞ የለመደው እሱ ነው። የማንንም ነጥብ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም ይላል። ሰውዬው ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም፤ ቤትም መሬትም አላፈራም።

እያደር ግን «ስንት ለስንት ነበርን?» ማለት አበዛ። በዚህ ጊዜ አንዱ የባንክ ሠራተኛ ታብሌት ይዞ መጣ። ስክሪኑ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግራው ቀይ፣ ቀኙ ሰማያዊ፤ ከየቁጥሩ በላይ የቡድኑ ስም ተጽፏል። ነጥብ ባገኘው ቡድን በኩል በጣት መንካት ብቻ ነው። ቡድኖቹ ሜዳ ሲቀያየሩ ደግሞ መሐል ላይ ያለችው ቀስት ትነካለች፤ ያኔ ስሞቹም ቁጥሮቹም አብረው ቦታ ይለዋወጣሉ። ኔትወርክም አይፈልግ፤ እኛ ከተማ ኔትወርክ የሚፈልግ ነገር ላይ ተስፋ የሚጥል የለም።

«ጋሼ ይያዙት» አሉ። እቃው ጉድለቱን ይሸፍንለታል ብዬ ደስ አለኝ። ገለጠበት እንጂ አልሸፈነለትም። ነክቶ ይረሳና ይደግማል፤ አንዳንዴም ኳሷን በዓይኑ ሲከተል ጣቱ ሳይነካ ይቀራል። ታዲያ ማንም አይናገረውም። ውኃ ሊጠጣ ዞር ሲል ቅርብ ያለው ተጫዋች ቶሎ ብሎ ያስተካክላል፤ ካልተመቸው በተሳሳተው ነጥብ ይጫወታሉ። የኛ ሰው ይሉኝታ ይገርመኛል። ሽማግሌን ፊት ለፊት ከሚያርም ሽንፈት ቢውጥ ይመርጣል። አክብሮት ነው ይሉኛል። እኔ ግን ከዳር ተቀምጬ ትክክለኛውን ነጥብ ለራሴ እቆጥር ነበር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የደምበጫ መምህራን ለጨዋታ መጡ። ያሸነፈ ሙክት ይወስዳል ተባለ። አንድ አንድ ዙር ተሸናንፈው የመጨረሻው ላይ ደረሱ፤ እሱ በአሥራ አምስት ነው የሚያልቀው። እንግዶቹ ስምንት፣ እኛ አምስት ስንሆን በደንቡ ሜዳ ተቀያየሩ። አባቴ ቀስቷን አልነካትም። ከዚያ ወዲያ እነሱ ያገቡት ሁሉ ለኛ፣ እኛ ያገባነው ለነሱ ተቆጠረ።

እነሱ አሥራ አምስት ሞላን ብለው ሲተቃቀፉ ስክሪኑ ለነሱ አሥር፣ ለኛ አሥራ ሁለት ይላል። አምበላቸው ኮፍያውን አውልቆ ወደ አባቴ መጣ።

«አባታችን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ነጥቡ የተገላበጠ ይመስለኛል።»

«ልጄ፣ እኔ ልሳሳት እችላለሁ፤ እቃው ግን አይሳሳትም» አለው አባቴ። ወደኛ አምበል ዞረ። ነርስ ነው፤ ኳስ መምታት ያስተማረው አባቴ ነው። «አንተ ንገረው እስቲ፣ ተሳስቻለሁ?»

ነርሱ መሬት መሬት አየ። «ጋሼ የቆጠሩት ልክ ነው» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ ከሽማግሌ ጋር አንከራከርም» አለ የደምበጫው ሰው። ቀሪውን ሳይጫወቱ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ሙክቱ ለኛ ቀረ፤ እዚያው ታረደ። ለአባቴ ምርጥ ምርጡ ሥጋ ቀረበለት፤ በላም።

ቤት ስንገባ አላስችል አለኝ። «አባዬ፣ ሜዳ ሲቀያየሩ ቀስቷን አልነካሃትም። ያሸነፉት እነሱ ነበሩ» አልሁት።

ደረጃው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ልጆቹ አይተዋል?»

«አይተዋል።»

«ነርሱም?»

«እሱም።»

«ከዛሬ በፊትስ?»

ጫማውን ልፈታለት አጎነበስሁ።

«የሩቅ ዘመድ መርዶ እንኳ ቀን ተቆርጦለት ይነገራል» አለ። «የኔን ለኔ ማን ሊነግረኝ ነበር?»

ብነግረው ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። እሱ ግን አላለቀሰም፣ አልተቆጣም። የተቀማ ነጥብ ካልተመለሰ አይሆንም አለና በጡረታው ሙክት ገዛ። ደምበጫ ድረስ ሄዶ በአምበሉ ፊት ቆሞ «ያሸነፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» ሊል ቆረጠ። ሽማግሌ እንልክልዎታለን ብለው ነርሱና ጓደኞቹ ቢለምኑት «ለኔ ጥፋት ሌላ አፍ አልፈልግም» አላቸው። እንደዚያ ቀን ኮርቼበት አላውቅም። ብቻውን ሆኖ የሚናገረውን ሲለማመድ ሰማሁት፤ ልክ እንደ ተማሪ።

መንገዱ ክፍት ነው በተባለ ቀን ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። ሙክቱ ጣሪያ ላይ ተጭኗል። አባቴ በመስኮቱ በኩል ነጭ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማሳውን እያየ ተጓዘ። ግማሽ መንገድ ስንደርስ በጉ ከላይ ይጮኽ ጀመር።

«የማን በግ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለኝ።

ይቀልዳል ብዬ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም።

«የኛ ነው፣ አባዬ።»

«የኛ? ወዴት ነው የምንወስደው?»

አፌን ከፈትሁ። ደጋግሞ የተለማመደው ቃል ሁሉ እኔ ጋ አለ፤ እሱ ጋ የለም። አንድ በአንድ ብነግረው እንደገና ሊያፍር ነው፤ ከደምበጫ ስንመለስም ምናልባት እንደገና።

«ዘመድ ጥየቃ ነው» አልሁት።

«ጥሩ አድርገሻል» አለኝ። «ባዶ እጅ ሰው ቤት አይኬድም።»