የመምህሩ ደወል

ይህን ነገር የሰማ ሰው የለም። ለንስሐ አባቴ ቁጣዬንና ጾም መግደፌን ስናዘዝ እንኳ ይህችን ዘልዬ አልፋለሁ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አሮጌ ብስክሌት እጠግናለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ተማርኩ። የአዲስ ዕቃ ዋጋ ስለማይቀመስ ከሦስት ሙት ብስክሌት አንድ ሕያው አወጣለሁ። ዝገቱን በነጭ ጋዝ ነክሬ አስለቅቃለሁ፤ የላላ ካቴና አሳጥራለሁ። ልጆቼ የሰው እርሳስ ይዘው ሲመጡ በዝናብ መልሼ የሰደድኳቸው አባት ነኝ። የሰው ዕቃ እሳት ነው እያልኩ አሳደግኳቸው።

ከከተማው ማዶ የሚኖሩት እትዬ የሻረግ ከዓመታት በፊት የሟች ባላቸውን ብስክሌት አመጡልኝ። ባላቸው የገጠር መምህር ነበሩ። ከሥራ ሲመለሱ መታጠፊያው ላይ ሁለት ጊዜ ይደውላሉ፤ ገና ከብስክሌቱ ሳይወርዱ እትዬ የሻረግ በሩን ከፍተው ይቆማሉ።

«የወንድሜ ልጅ ይንዳውና ያን ደወል ልስማው» አሉኝ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ደወሉ የድሮ ነሐስ ነው፤ አንዴ ከመቱት ድምፁ ቶሎ አይሞትም። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቁርጥራጭ የገጣጠምኩት የራሴ ብስክሌት ነበረኝ። ደወል ብቻ ጎድሎት ነበር። ፈታሁት። እኔ ፈታሁት፤ እጄ ተሳስቶ አይደለም። በምትኩ አንድ የቆርቆሮ ደወል አሰርኩላቸው።

ሊወስዱ ሲመጡ አንዴ መቱት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ጌታነህ፣ ድምፁ እንዲህ አልነበረም እኮ።»

«ደወሉስ ያው ነው፤ ጆሮዎ ነው እትዬ።»

«ይሆናል ልጄ። ዕድሜ መች ደግ ሆኖ ያውቃል» አሉና ሄዱ።

ደወል መስረቅ ስሙ ይታወቃል። ሰውን የገዛ ጆሮውን ማስካድስ ምን ይባላል? ቢቆጡኝ ኖሮ ደወሉን እመልስ ነበር ይሆን? ይህም ጥያቄ ሰበብ ፍለጋ ነው።

ልጆቼ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ገቡ። ባለቤቴ አረፈች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደጄ አጠገብ፣ ሳላስበው፣ ሁለቴ ደወልኩ። በሩን ሊከፍት የተነሣ ማንም የለም። ምን እንደሰረቅኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ባለፈው እሑድ ደወሉን ፈትቼ ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። የእትዬ የሻረግ ጆሮ ግን መስማት ትቷል። ውሸቴ እውነት ሆኖ ጠበቀኝ። ያም ሆኖ አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ በቀስታ፣ እንደማይሰሙ እያወቅኩ።

«ምን አልከኝ?» አሉ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው።

እኔ ጮክ ብዬ፣ «እንዴት ሰነበቱ ነው ያልኩት!» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን! ጠያቂ በጠፋበት አንተ መጣህልኝ» ብለው መረቁኝ።

ምርቃታቸውንም ሰርቄ ተመለስኩ። ደወሉ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። አንተ የምታነበው ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅርታ ጮክ ተብሎ ይጠየቃል፤ እኔ ጮክ ያልኩት ለሰላምታ ነው።