በራስ በኩል ግቡ

በሕክምና ትምህርት ቤት በረዳት አስተማሪነት ሥራ የጀመርኩ ቀን የአናቶሚ ክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ታምራት ነጭ ጋውንና የእጅ ጓንት ሰጡኝና፣ "ስንዱ፣ እዚህ ሁለት ነገር ያስለቅሳል፤ ፎርማሊንና ፈተና" አሉኝ። አስከሬን ማቆያውን ፎርማሊን እስከ ምሳ ለመድኩት። ፈተናው ግን ተማሪዎቹን ሲያስለቅስ ከረመ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የአናቶሚ መጽሐፍ አንዱ ለብዙ ሰው ስለሆነ ተማሪው ሥዕሉን ገልብጦ ይሸመድዳል። "የልብ ቀኝ በግራዬ፣ ግራው በቀኜ" እያለ እንደ ዳዊት ይደግማል። እውነተኛውን ልብ እጁ ላይ ሳስቀምጥለት ግን ላዩን ከታቹ አይለይም።

በመንፈቁ መጨረሻ ብዙዎቹ ወደቁ። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ በድጋሚ ፈተናው የወደቀ ይሰናበታል። ከወደቁት አንዷ ነጂማ የሰፈሬ የኮልፌ ልጅ ናት። አባቷ አየር ጤና ጨርቅ ይሸጣሉ። "'ከተባረርሽ ባንኮኒው ይጠብቅሻል' ብሎኛል አባዬ። እኔ ደግሞ ሐኪም መሆን ነው የምፈልገው ቲቸር" አለችኝ። ተናደድኩ። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ ያሰነፍናት እኛ ነን።

ያን ሰሞን ወደ ቤቴ ስገባ የጎረቤት ሴት ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ አየሁ። መሬት ላይ በከሰል ሳጥን ሠርተው በአንድ እግር እየዘለሉ፣ መስመር የረገጠችውን ያስወጣሉ። በማግስቱ የላቦራቶሪው ኮሪደር ላይ በጠመኔ ባለ አራት ክፍል ትልቅ ልብ ሣልኩ፤ ከጎኑ ሳንባ። ተማሪው ደም ነው። በደም መልስ ይገባል፣ የቀኙን በሮች አልፎ ሳንባ ይደርሳል፣ በግራ ተመልሶ በትልቁ ደም ቅዳ ይወጣል። በር ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ የተመለሰ ከጨዋታው ይወጣል።

ዶክተር ታምራት ጩኸቱን ሰምተው መጡ። "ይሄ ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ መዋዕለ ሕፃናት? አጥፊው!"

አጠፋሁት። እሑድ ግን የወደቁትን ሁሉ ኮልፌ፣ የቀበሌው ሜዳ ላይ ሰብስቤ ልቡን በጠመኔ እንደገና ሣልኩላቸው።

እዚያ ደግሞ የቀበሌው ሊቀ መንበር ደረሱ። በዚያ ጊዜ ተማሪ ተሰብስቦ ማየት ማንንም ደስ አያሰኝም።

"ጓድ መምህርት፣ ይህ ስብሰባ ፈቃድ አለው?"

"ስብሰባ አይደለም ጓድ ሊቀ መንበር፤ ልብ ነው።"

የጠመኔውን ሥዕል ትክ ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ እኮ ግፊት አለብኝ። የቱ ጋ ነው የሚይዘኝ?" ነጂማ ከክፍል ክፍል እያዞረች አስረዳቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሜዳው የኛ ሆነ።

ቀኝና ግራው ግን አልለይ አለ። ሥዕሉ የተሣለው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በጀርባው በተኛ ሰው ልክ ነውና፣ እንደ ልጆቹ ከታች ስንገባ ቀኙ በግራችን ይውላል። አንድ እሑድ ነጂማ በድንገት ዞራ በሥዕሉ ራስ በኩል ቆመች።

"ቲቸር፣ በዚህ እንግባ! ቀኙ ቀኜ ሆነ እኮ!"

እልል አልኩ። "በግራዬ፣ በቀኜ" የሚለው ድግምት ያን ቀን ቀረ።

በድጋሚው ፈተና ፈታኙ ራሳቸው ዶክተር ታምራት ነበሩ። ልቡን ሳህን ላይ በፊቱ ደፍተው አስቀመጡት። መጽሐፉ ልብን ከፊት እንጂ ከጀርባ ስለማያሳይ ሥዕል የሸመደደ ሁሉ እዚህ ይወድቃል። የነጂማ ተራ ደረሰ። በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ከጋውኗ ሥር እግሮቿ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

"ምን ሆነሻል?" አሏት ዶክተር።

"እየገባሁ ነው።"

"በየት?"

"በላይኛው ደም መልስ።" ጣቷን በትክክል አሳረፈች። ቀኙን አለፈች፣ ሳንባ ደረሰች፣ በግራ ተመለሰች። ዶክተር ሳህኑን አዞሩባት። እሷም አብራው ዞረችና በትልቁ ደም ቅዳ ወጣች።

ነጂማ አለፈች። የሜዳው ልጆች በሙሉ አለፉ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ኮሪደሩ ላይ ከነጋውኔ ዘለልኩ።

ሰኞ ጠዋት ከነጂማና ከጓደኞቿ ጋር ስደርስ ዶክተር ታምራት ጠመኔ ይዘው እዚያው ኮሪደር ላይ ጠበቁኝ። "መልሰሽ ሣይው" አሉ። ስጨርስ ጫማቸውን ጎንበስ ብለው አዩ። "በየት በኩል ነው የሚገባው?"

"በራስ በኩል ነው ዶክተር።"

ገቡ። መስመር ረገጡ። ነጂማ አስወጣቻቸው።

ጡረታ እስክወጣ አናቶሚን በዚህ መንገድ አስተማርኩ። ተማሪ መጀመሪያ የት እንደቆመ ይወቅ፤ የክፍሎቹን ስም በኋላ ይይዘዋል።